ዝምታን በድምፅ መሥራት፦ ንግግር የሌለው አስፈሪ ፊልም ለምትሠሩ

ሌሊት ነው። ቤት ውስጥ ብቻችሁን ናችሁ። ድንገት መብራት ይጠፋል። ያስደነገጣችሁ ጨለማው ይመስላችኋል። ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን ከጨለማው ጋር ሌላም ነገር ተከስቷል። ፍሪጁ ዝም ብሏል። ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም አንዴም አልሰማችሁትም ነበር። የሰማችሁት አሁን፣ ሲጠፋ ነው።

ለእኔ ንግግር የሌለው ልብ አንጠልጣይ ፊልም መሥራት ማለት ያችን ቅጽበት መሥራት ነው። ተመልካቹ አንድ ድምፅ ይለምዳል። ያ ድምፅ ይወሰድበታል። ከዚያ በራሱ ጆሮ መፈለግ ይጀምራል። ፍርሃቱ የሚመጣው እየፈለገ ሳለ ነው።

ይህን የምጽፈው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የሚሆን አጭር ፊልም በስልክ ካሜራና በአንዲት ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ለመሥራት ለተነሳችሁ ነው። ንግግር ከሌለ የትርጉም ጽሑፍ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ያለውም፣ ዋሽንግተን ተወልዶ አማርኛ የሚከብደውም ልጅ እኩል ይፈራል። ሸክሙ ግን ሁሉ ድምፅ ላይ ይወድቃል።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ታሪክ እንያዝ። አንዲት እናት ሌሊት ሕፃን ልጇን አስተኝታለች። ባለቤቷ የለም። ከበሩ ውጭ አንድ ነገር አለ። ይኸው ነው።

1. ስክሪፕቱን በጆሮ ጻፉ

ወረቀቱን መሐል ለመሐል በመስመር ክፈሉት። በግራ የሚታየውን፣ በቀኝ የሚሰማውን ጻፉ። ቀኙ ባዶ የሆነበት ቦታ ካለ ሲኑ (ትዕይንቱ) ገና አልተጻፈም ማለት ነው።

ግራ፦ እናት በሩ አጠገብ ቆማለች። እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነው።
ቀኝ፦ ፍሪጅ። የልጁ ትንፋሽ። ከውጭ ቆርቆሮ አንዴ ቀጭ ይላል። የልጁ ትንፋሽ ይቆማል። ፍሪጅ ብቻ።

«ድምፅ ይሰማል» ብላችሁ አትለፉ። የምን ድምፅ? ከየት አቅጣጫ? ለስንት ሰከንድ? እሷ ሰማችው ወይስ የሰማነው እኛ ብቻ ነን?

አንድ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ይወሰን። ሰዎቹ የማይናገሩት ለምንድን ነው? ምክንያት ከሌለ ተመልካቹ «ለምን አትጮህም?» ይላል፤ ያን ጊዜ ፊልሙ አለቀ። በእኛ ታሪክ ምክንያቱ ሕፃኑ ነው። እናቲቱ ድምፅ ካሰማች ልጁ ይነቃል፣ ያለቅሳል፣ በር ላይ ያለው ነገር ሰው መኖሩን ያውቃል። አሁን እያንዳንዱ ኮሽታ ዋጋ አለው። ማንኪያ መውደቁ ራሱ አደጋ ሆነ።

2. የትኛው ዝምታ?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አማርኛችን ለዝምታ ብዙ ስም አለው። ስሞቹ ደግሞ አንድ አይደሉም። እኔ ሁልጊዜ ሲኑ አናት ላይ ከአራቱ አንዱን እጽፋለሁ፦ ጸጥ፣ ጭር፣ እርጭ፣ ጭው።

ጸጥ ያለ ቤት ሰላማዊ ነው። ሰው አለ፤ ተኝቷል ወይም ሥራውን ይዟል። የዚህ ዝምታ መሠሪያ ሞቅ ያሉ ትንንሽ ድምፆች ናቸው። የልጅ ትንፋሽ፣ ጀበና ከእሳት ወርዶ ሲረጋ፣ ብርድ ልብስ ሲንሸራተት።

ጭር ሲል ሰው ነበረ፤ አሁን ግን የለም። ገበያ ከተበተነ በኋላ ጭር ይላል። ለቅሶ ቤት ሰው ሲሄድ ጭር ይላል። ይህን ለመሥራት ሰው ትቶት የሄደውን ድምፅ ፈልጉ። ነፋስ የሚያርገበግበው ፌስታል፣ ያልተዘጋ ቧንቧ፣ ወዲያ ወዲህ የሚል መዝጊያ። እነዚህ ድምፆች ባለቤት የላቸውም። የሚያስፈሩትም ለዚያ ነው።

እርጭ ያለው ሌሊቱ ነው። ሁሉም ተኝቷል፤ የቅርቡ ድምፅ ጠፍቶ የሩቁ ይሰማል። ቀን የማይሰማ የሩቅ ውሻ ሌሊት ይሰማል። ስለዚህ እርጭታን ለመሥራት ሩቅ ድምፅ ጨምሩ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ግን ሞክሩት። ምንም ድምፅ የሌለበት ሌሊት ጠባብ ክፍል ይመስላል። ሦስት ሰፈር አልፎ የሚጮህ ውሻ ሲገባበት ግን ሌሊቱ ይሰፋል፤ እናቲቱም በመሐሉ ታንሳለች። የከተማ ዳር ከሆነ ጅብም አለ። ጅብን አንዴ ብቻ፣ ከሩቅ ተጠቀሙ። ሁለተኛ ከጮኸ የተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልም ይሆንባችኋል።

ጭው ያለው ሌላ ነው። «ጆሮዬ ጭው አለ» እንላለን፤ «ጭው ያለ ገደል»ም እንላለን። ይህ ዝምታ ያለው በሰውየው ጆሮ ውስጥ ነው። ለድንጋጤ ቅጽበት አስቀምጡት። አሠራሩን ደረጃ 5 ላይ አመጣዋለሁ።

3. የቦታውን ድምፅ ቅዱ

እያንዳንዱ ክፍል ሰው ሳይኖርበትም የራሱ ድምፅ አለው። ሳሎኑ፣ ጓዳው፣ ኮሪደሩ ይለያያሉ። ዝምታችሁ የሚቆመው በዚህ ድምፅ ላይ ነው።

መቅረጫውን 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ዋቭ (WAV) የሚባለው የፋይል ዓይነት ላይ አድርጉት። ትልቁ ድምፅ -12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ አስተካክሉ። አውቶማቲክ የድምፅ ማስተካከያውን አጥፉ። ይህን የምጫነው በምክንያት ነው። አውቶማቲኩ ዝም ሲል ጊዜ «ድምፅ አነሰ» ብሎ ራሱ ይጨምራል። ዝምታው ሽሽሽ እያለ ያብጣል። ከዚያ ሰው ሲተነፍስ እንደገና ይወርዳል። የስልክ ካሜራ መተግበሪያዎች በአብዛኛው እንዲህ ያደርጋሉ። በእጅ የሚስተካከል መተግበሪያ ጫኑ ወይም ለብቻው ባለ መቅረጫ ቅዱና መጀመሪያ ላይ አንዴ አጨብጭቡ፤ ኤዲት ስታደርጉ ምስልና ድምፁን በጭብጨባው ታገናኛላችሁ።

ስልኮች ሁሉ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁኑ። ፍሪጁን ንቀሉ። የመኪና ወይም የቤት ቁልፋችሁን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ቁልፉን ሳትወስዱ ስለማትሄዱ ፍሪጁን መልሳችሁ መሰካት አትረሱም። የቆየ የፊልም ሠሪዎች ዘዴ ነው፤ ሥጋ ከመበላሸት ያድናል።

ከዚያ ሁሉም ሰው ባለበት ይቁም። ማንም አይንቀሳቀስ። 1 ደቂቃ ሙሉ ክፍሉን ቅዱ። ለእያንዳንዱ ክፍል እንዲሁ። መብራት በርቶም፣ ጠፍቶም። ፍሪጁን ደግሞ ለብቻው፣ ከቅርብ፣ 3 ደቂቃ ያህል ቅዱት፤ በዚህ ፊልም ውስጥ እሱም ተዋናይ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ስትሰኩት የሚነሳበትን ድምፅ፣ ስትነቅሉት የሚቆምበትን ድምፅ ቅዱ። አንዳንዱ ፍሪጅ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፤ ያ መንቀጥቀጥ ወርቅ ነው።

ሰዓቱንም ምረጡ። ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ከተማ ውስጥ ለእኔ ከሁሉ ይሻላል። መኪናው ቀንሷል። ከ10 ሰዓት በኋላ በብዙ ሰፈር የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም ድምፅ ማጉያ ይጀምራል። ያንን ከቀረጻ ላይ ማውጣት አይቻልም።

ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ ሲበርድ ይኮማተራል። ሲኮማተር ቀጭ ይላል። ሰው የረገጠው ይመስላል። ፀሐይ እንደገባች መቅረጫውን ኮርኒሱ አጠገብ ትታችሁ እራት ብሉ። ስትመለሱ ገንዘብ የማይገዛው ድምፅ ታገኛላችሁ።

ቀረጻው ላይ «እምምም» የሚል የማያቋርጥ ጉርምርምታ ከመጣ ከኤሌክትሪኩ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ጉርምርምታው 50፣ 100፣ 150 ላይ ይቀመጣል። በኢኪው (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ለይቶ በሚያስተካክለው መሣሪያ) እነዚያን ቦታዎች ብቻ በጠባቡ ቁረጡ። ድምፅ አጽጂ ፕሮግራም ግን አታብዙ። ሲበዛ ሁሉንም ነገር ውኃ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል።

4. ኮሽታውን በእጃችሁ ሥሩ

በቀረጻ ወቅት የተቀዳው የእግር ኮቴና የበር ድምፅ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ስለዚህ ምስሉን እያያችሁ እንደገና ትሠሩታላችሁ። ሥራው ፎሊ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ከነበረው ከጃክ ፎሊ ነው።

አንድ ጥግ ፍራሽና ጋቢ ደርድሩ። ግድግዳው ድምፅ እንዳይመልስ ነው። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ግቡ።

አጥንት ሲሰበር፦ ሸንኮራ አገዳ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጠምዝዙ። ሥጋ፦ ሊጥ ውስጥ እጃችሁን አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ደረቅ መሬት ላይ መራመድ፦ ሳህን ላይ ቆሎ አፍስሳችሁ በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉ። ከባድ ነገር ግድግዳ ሲመታ፦ ዘነዘናውን በጋቢ ጠቅልሉና ባዶ ሙቀጫ ውስጥ ጣሉ።

ባዶ እግር ሊሾ ላይ ሲሄድ ሁለት ድምፅ አለው። አንደኛው ሲያርፍ፣ ሁለተኛው ሲላቀቅ። ላብ ያለው እግር ሲላቀቅ ትንሽ «ጭቅ» ይላል። በተለመደ ፊልም ይህን ማንም አይጠብቀውም። ንግግር በሌለበት ፊልም ግን ተመልካቹ በዚያች «ጭቅ» እግሯ ማላቡን ያውቃል። መፍራቷን ማንም አልነገረውም።

ከሁሉ በላይ ትንፋሽ። በዚህ ዓይነት ፊልም ትንፋሽ ነው ንግግሩ። ተዋናይቷን ለብቻ አስቀምጡና አንድ ሙሉ ሰዓት ትንፋሽ ብቻ ቅዱ። ማይኩ ከአፏ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ወደ ጎን ይሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነ ነፋሱ ይመታዋል። የማስመሰል ትንፋሽ ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ ግቢውን አራት ዙር ትሩጥ። ስትመለስ «አሁን በአፍንጫሽ ብቻ፣ ማንም እንዳይሰማሽ» በሏት። አፍንጫዋ ሲንቀጠቀጥ፣ ጉሮሮዋ ምራቅ ሲውጥ የሚወጣውን ድምፅ በሌላ መንገድ አታገኙትም።

5. አስለምዱ፣ ከዚያ ውሰዱ

የመመሪያው ልብ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ያዙ።

በመጀመሪያው ሲን ፍሪጁ ይሰማ። ጎላ ሳይል፣ ግን ሳይቋረጥ። ቢያንስ 1 ደቂቃ ይቆይ። በመሐል ላይ የተመልካቹ ዓይን ሌላ ነገር ይከተል፦ እናቲቱ ልብስ ታጥፋለች፣ ጡጦ ታጥባለች። ጆሮው ፍሪጁን ይረሳዋል። ረሳው ማለት አመነው ማለት ነው።

አሁን አጥፉት።

ሁለት ዓይነት አጠፋፍ አለ። በአንድ ጊዜ ከቆረጣችሁት ተመልካቹ ራሱን ቀና ያደርጋል። በ10 ሰከንድ ውስጥ ቀስ እያላችሁ ካወረዳችሁት አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። እኔ ሁለተኛውን እወዳለሁ። መብራት ሲጠፋ ግን ቆረጣ መሆን አለበት፤ እውነቱ እንዲያ ነውና።

ከውጭም እንዲሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ክረምት ከሆነ እንቁራሪቶች ይጮኻሉ። ሰው ሲጠጋቸው ዝም ይላሉ። ስለዚህ እንቁራሪቶቹ ዝም ሲሉ አንድ ነገር ግቢው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ኮቴ አላሰማችሁም፣ ጥላ አላሳያችሁም። ጠላታችሁ ግን ገባ። እንደገና መጮኽ ከጀመሩ ደግሞ ወይ ሄዷል፣ ወይ ቆሟል።

ከወሰዳችሁ በኋላ ግን ባዶ አትተዉት። ሥሩ የክፍሉ ድምፅ ይቆይ። ፍጹም ዜሮ የሆነ ድምፅ ተመልካቹን አያስፈራውም፤ ስልኩ የተበላሸ ይመስለውና ድምፅ መጨመሪያውን ይጫናል። ከፊልሙ ወጣ ማለት ነው።

ዜሮ የሚፈቀደው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም የአንድ ሰው ጆሮ ሲሆን። በ2018 የወጣው የጆን ክራሲንስኪ «አ ኳየት ፕሌስ» ፊልም ላይ መስማት የተሳናት ልጅ አለች። ልጅቱን የሠራችው ሚሊሰንት ሲሞንድስ በእውነትም መስማት የተሳናት ናት። የመስሚያ መሣሪያዋ ሲጠፋ ፊልሙ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ዜሮ ያደርገዋል። ያ ዝምታ ስህተት የማይመስለው ባለቤት ስላለው ነው። እኛ እሷን ሆነን እንሰማለን፤ ማለትም አንሰማም። የእኛዋ እናት በሩ ሲከፈት ካየች፣ በዚያች ቅጽበት ጭው ይበል። ፊቷ በቅርብ ይታይ። ሁሉም ድምፅ ይጥፋ። 2 ሰከንድ። ከዚያ የልጁ ለቅሶ ይመልሳት።

6. ማስደንገጫውን ቆጥቡ

ድንገተኛ ድምፅ ሰውን ሁልጊዜ ያዘልላል። ቀላል ነው። ስለዚህ በ10 ደቂቃ ፊልም ከሁለት በላይ አታድርጉ። የሚያስደነግጠው የድምፁ ትልቅነት ሳይሆን ከፊቱ ካለው ጋር ያለው ልዩነት ነው። ከፊቱ 4 ወይም 5 ሰከንድ ዝቅ ካደረጋችሁ የብርጭቆ መሰንጠቅ ይበቃል። ጆሯችን ከ2 እስከ 5 ኪሎ ኸርዝ ባለው ድምፅ ላይ በጣም ንቁ ነው። የብረት መፋቅ፣ የጥፍር መቧጨር እዚያ ይወድቃል። ለዚህም ነው ጥርሳችንን የሚያንገጫግጨው።

ድምፁ ከምስሉ 2 ፍሬም ይቅደም። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ 80 ሚሊ ሰከንድ ነው። ዓይኑ ሳያይ ሰውነቱ ይዘላል።

7. የሚያስፈራውን ከበር ውጭ አቁሙት

በ1963ቱ የአልፍሬድ ሂችኮክ «ዘ በርድስ» ፊልም የተለመደው የኦርኬስትራ ሙዚቃ የለም። ቤተሰቡ መስኮቱን በጣውላ ዘግቶ ሲቀመጥ ወፎቹን በአብዛኛው በጆሯችን ነው የምናገኛቸው። ኦስካር ሳላ ትራውቶኒየም በሚባል የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው ያን ጩኸት ያወጣው። ለትንሽ በጀት ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ጭራቁን ለመሥራት ገንዘብ ከሌላችሁ ጭራቁን አታሳዩት።

ርቀትን እንዲህ ትሠራላችሁ። ሩቅ ድምፅ ቀጭኑ (ከፍ ያለው) ወገኑ ይጠፋል፤ ደብዛዛ ይሆናል። እየቀረበ ሲመጣ ቀጭኑ ይመለሳል። መጀመሪያ «ዱም» ብቻ የነበረው ኮቴ፣ ቀጥሎ የጠጠር መንኮሻኮሽ ይጨመርበታል፤ በመጨረሻ በሩ ሥር ሲደርስ ትንፋሽ ይኖረዋል። በሦስት እርምጃ ይቅረብ። ቀስ እያለ ከሚጨምር ድምፅ ይልቅ እርምጃው ያስጨንቃል፤ በመሐል የት እንዳለ አይታወቅማ።

በኮምፒውተር ከማደብዘዝ የሚሻል ዘዴም አለ። ድምፁን በስፒከር ግቢው ውስጥ አጫውቱት። መቅረጫውን በተዘጋው በር ጀርባ አድርጋችሁ እንደገና ቅዱት። ዋልተር መርች የሚባለው የድምፅ ባለሙያ ይህን አሠራር አሳምሮ የተጠቀመበት ሰው ነው። በራችሁ እንጨት ከሆነ እንጨት ይሰማል፣ ላሜራ ከሆነ ላሜራ። የትኛውም ፕሮግራም የእናንተን በር አያውቀውም።

8. ሙዚቃ

ባይኖር ይሻላል። የግድ ካላችሁ የማሲንቆ አንዷን ክር ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ዜማ ሳይሆን ፈቅ የምትል አንዲት ድምፅ። በገናን ግን ለዚህ አትንኩት። ነዘር የሚለው ድምፁ ያጓጓል፤ አውቃለሁ። ግን የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ሰው በጾም ልቡን የሚያሳርፍበት። ለማስፈራሪያ ስንጠቀምበት አድማጩን እናስቀይማለን፤ ለእኔም ልክ አይመስለኝም።

9. ሚክስ

ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲት ፕሮግራም፣ በነፃ የሚገኘው ይበቃል። ትራኮቹን ለዩ፦ የክፍል ድምፅ፣ ኮሽታ፣ ትንፋሽ፣ ከውጭ የሚመጣ። ትንፋሽን መሐል አድርጉት። ከውጭ የሚመጣውን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ውሰዱትና የበሩን አቅጣጫ በፊልሙ ሙሉ አትቀይሩ።

በጥሩ ኤርፎን ስሙት። ከዚያ በስልኩ ስፒከር። ብዙ ሰው ፊልማችሁን የሚያየው በስልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም። በኤርፎን ደረት የሚነቀንቀው ጉርምርምታ በስልክ ጭራሽ የለም። ስለዚህ በፍሪጁ ድምፅ ላይ ትንሽ ቀጭን ሽውታ ጨምሩ። አለበለዚያ ስልክ ላይ ስታጠፉት ማንም አያውቅም፤ ያልሰማውን ማን ይነጠቃል?

የክፍሉን ድምፅ ከ-45 ዴሲቤል በታች ባታወርዱት ጥሩ ነው። ዩቲዩብ ከ-14 ላፍስ (LUFS፣ የጠቅላላ ድምፅ ጉላት መለኪያ) በላይ የሆነውን ጠቅላላ ድምፅ ራሱ ዝቅ ያደርጋል። ፊልሙን በሙሉ አስጩሃችሁ ብትልኩት ዝቅ ሲያደርገው ዝምታችሁም አብሮ ይወርዳል። ጸጥታውንና ጩኸቱን አራርቃችሁ ላኩት።

10. አንድ ሰው አስቀምጡ

ፊልሙን ያላየ አንድ ሰው ጋብዙ። መብራት አጥፉ። እናንተ ስክሪኑን አትዩ፤ እጁን እዩ። ፍሪጁ ከጠፋበት ሰከንድ ጀምሮ እጁ ምን ያደርጋል? ፊቱን ካከከ፣ ስልኩን ከነካ፣ ያ ዝምታ ረዝሟል፤ ሰዓቱን ጻፉና 2 ሰከንድ ቁረጡ። እጁ ባለበት ከቀረ አትንኩት። አንዳንዴ ደግሞ ሰውየው ሳያስበው ከእናቲቱ ጋር ትንፋሹን ይይዛል። እሷ ስትተነፍስ እሱም ይተነፍሳል። ያቺን ሰዓት ክበቡባት፤ የሚቀጥለውን ሲን ከእሷ ተነስታችሁ አስተካክሉ።